ባሕር ዳር ስላለ ያረጀ ሆቴል

መንገድ ወደ ሞቃት የባሕር ጠረፍ ቢያደርስዎ፥ ያረጀውን ሆቴል ቀለሙ ስለ ተላጠ ብቻ አይናቁት። ለምሳሌ በኮሎምቦ ከተማ፥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፥ ጎል ፌስ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. ሲከፈት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎች በሙቀት አገር ሲሠሩ ጣራውን ከፍ፥ በረንዳውን ሰፋ ያደርጉ ነበር፤ ይኸውም ሙቁ አየር ወደ ላይ እንዲወጣ፥ የባሕሩም ነፋስ ከመስኮት ወደ መስኮት እንዲያልፍ ነው። ስፋቱ ለቅንጦት ብቻ አልነበረም፤ መተንፈሻም ነበር።

ነገር ግን ያረጀ ሁሉ ደግ አይደለም። የባሕር ጨው ብረትን ይበላል፤ እርጥበትም ፍራሽን ያሻግታል። እንግዲህ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ይዩ፤ መስኮቱን ከፍተው ይዝጉ፤ ቧንቧውን ይሞክሩ፤ ፍራሹን ያሽትቱ። የተላጠ ቀለም እንቅልፍ አይነሳም፤ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ግን የወር ቁጠባዎን ተቀብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፍንዎ ያድራል።