ማርና ምሕረት በአዝማሪ ቤት

አማርኛን በመጽሐፍ የሚማር ሰው ግሡን ያረባል፤ ስሙንና ቅጽሉን ይለያል፤ ለአለቃው የሚጽፈውንም ደብዳቤ በአግባቡ ጀምሮ በአግባቡ ይጨርሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የአማርኛ ተናጋሪ ሰው ወዳጁን ሲወቅስ፣ ባላጋራውን ሲነካ፣ የተጣላውንም ሲለምን ቃሉን እንዴት እንደሚሸፍን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ለዚህ የሚሆን ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ በሩ በደንብ የሚደምቀው ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ይኸውም አዝማሪ ቤት ነው።

«የመንግሥት ሠራተኛ በመጠጥ ቤት ምን ጉዳይ አለው?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት አጥፍቶ ልጆቹን ያለ ደብተር የሚያስቀር አባት በየሰፈሩ አይጠፋምና። ሆኖም የሰካራሙ ጥፋት የአዝማሪውን ሙያ ሊያስንቀን አይገባም። ከመፍረዳችን በፊት ቤቱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

አዝማሪ ማለት መሰንቆ እየመታ ግጥሙን በቦታው የሚፈጥር ዘፋኝ ነው። መሰንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ ሆዱ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ የሚመታበትም ደጋን በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። አዝማሪ በቀድሞው ዘመን በመኳንንት ግብርና በሠርግ ዳስ ሲያመሰግንም ሲሸነቁጥም ኖሯል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አርበኛውን በዘፈኑ ያበረታታ ስለ ነበረ ከአዝማሪዎች ብዙዎቹ በጠላት እጅ ተገድለዋል። በደርግ ዘመንም የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ጨዋታ አቀዘቀዘው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን አዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ እንደ ገና ተበራከቱ፤ ካዛንቺስም ከዋነኞቹ ሰፈሮች አንዱ ሆነ።

የካዛንቺስ ስም ራሱ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። ኢጣሊያውያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበራቸው፤ ቤቶቹም በዚያ ተቋም ምሕጻረ ቃል «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። የአገሩ ሰው አፍ ይህን አለዝቦ ካዛንቺስ አደረገው። ለባዕድ ጸሐፊዎች የተሠራው ሰፈር በኋላ የመሰንቆ ሰፈር መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

በዚያ ሰፈር ፈንድቃ የተባለ አዝማሪ ቤት ነበረ። መላኩ በላይ የተባለው ዕውቅ የእስክስታ ተወዛዋዥ በወጣትነቱ እዚያው ለሽልማት ብር ሲጨፍር ኖሮ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረከበው፤ አድሶም የሥዕል ማሳያ ጨመረበትና ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ሳይቀሩ የሚጠይቁት የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. ግን የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ለከተማው ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከነበረበት ቦታ ተነሣ። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ቤት በሲሚንቶ ቶሎ ሲተካ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መተዋወቅን የለመደ ጎረቤት ግን በሲሚንቶ አይተካም።

እንግዲህ መልካም እድሳት የቱ ነው? ባለፈው በጋ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ወደ ሌላ አውራጃ የሚዛወር ባልደረባችንን ለመሸኘት በአንድ የታደሰ የሰፈር አዝማሪ ቤት ተሰብስበን ነበር። ቀድሞ አፈር የነበረው ወለል ተነጥፎበታል፤ የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ ተለይቷል፤ ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ ሰፌድና አገልግል ተሰቅሎበታል። በቆዳ የተለበጡት በርጩማዎች ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ጠጁም እንደ ወትሮው በብርሌ ይቀርባል። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ከፍ ያለ መድረክ አላሠሩም፤ ድምፅ ማጉያም አላስገቡም። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው፣ «አዝማሪ የእንግዳውን ፊት ካላየ ምን ብሎ ይገጥማል?» አሉን። በዚህ አንድ ቃል የእድሳት ሕግ ሁሉ ተጠቃሏል፤ የሚያስቸግረው ይለወጥ፣ የቤቱ ነፍስ ግን ትቆይ ማለት ነውና።

ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ሁለተኛው የሒሳብ ሹም። በአንድ የጠፋ ፋይል ምክንያት ተቀያይመው ሦስት ወር ሙሉ ቃል አልተነጋገሩም ነበር። ክፍሎቻቸው ጎን ለጎን ሳሉ በማስታወሻ ይጻጻፉ ነበር፤ ጉዳዩን ይዞ የመጣውም ባላገር ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። አለቃችን መክረዋቸዋል፤ ሽማግሌም ተልኮ ነበር፤ ማናቸውም ቀድሞ ለመናገር አልፈቀዱም።

በአዝማሪ ቤት ልማድ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ጨዋታው ሲደምቅ የመዝገብ ቤቱ ሹም ብርሌውን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» አለ፤ ቀጥሎም፣ «ጠጁ መረረኝ፤ ወንድሜ፣ ማር፣ ማር!» አለ። አዝማሪው ዞሮ የሒሳብ ሹሙን ፊት ለፊት እያየ ዘፈነው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አሳላፊዋም ነገሩን እውነት አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ማር ልጨምርበት?» ብላ ጠየቀች። የሒሳብ ሹሙ ግን አልሳቀም። ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና ተነሣ፤ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፈ፤ ሄዶም ከመዝገብ ቤቱ ሹም አጠገብ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሰኞ ማስታወሻው ቀርቶ በአፍ ሲነጋገሩ አየናቸው።

ይህን አማርኛ የሚማር ሰው ልብ ብሎ ይመርምረው። ሰሙ፣ «ጌሾ በዝቶ ጠጁ መሯልና ማር ይጨመርበት» ማለት ነው። ወርቁ ግን፣ «ጠባችን መሮኛልና ወንድሜ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ማለት ነው። «ማር» የንብ ሥራ ነው፤ «ማር» ደግሞ «ማረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ትእዛዝ ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። በትግርኛ የንብ ማር «መዓር» ሲባል ይቅር ማለት «መሓረ» ነው፤ የመጀመሪያው በዐይኑ «ዐ»፣ ሁለተኛው በሐመሩ «ሐ» ከጉሮሮ ስለሚነገሩ አንዱ ከሌላው አይምታታም። አማርኛ ግን የጉሮሮውን ድምፅ ከአነጋገሩ ስለ ተወው ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነው ቀሩ። ፊደሉን ለሚማር ሰው ድካም የሚመስለው ነገር ለገጣሚው ሲሳይ ሆነለት። ሁለቱ ሹሞችም ይህችን የቃል መጋረጃ ባያገኙ ኖሮ አንዱ ሳያፍር ሊለምን፣ ሌላውም ሳይዋረድ ሊምር አይችልም ነበር።

ወደ እንዲህ ያለ ቤት ለመሄድ የምታስቡ አንባቢዎች ጥቂት ምክር ስሙ። በመጀመሪያ የምታወጡትን ገንዘብ ከቤት ሳትወጡ ከባለቤታችሁ ጋር ተመካክራችሁ ወስኑ፤ የቀረውን እቤት ተዉት። ለአዝማሪው ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ለይታችሁ ያዙ፤ ግጥሙን ሰምቶ ምንም ሳይሸልሙ መሄድ ነውር ነው፤ ያለ ዐቅም መለጠፍም ከንቱ ውዳሴ ነው። ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ተጠንስሶ የሚፈላ መጠጥ ስለ ሆነ ጣፋጭነቱ ያታልላል፤ የማይጠጣ ሰው ያልፈላውን የማር ውሃ፣ ብርዝ የሚባለውን፣ ቢጠይቅ የሚያፍርበት ነገር የለም። አዝማሪው በመልካችሁ፣ በቁመታችሁ ወይም በአማርኛችሁ ቢቀልድ አትቆጡ፤ የሚቆጣ እንግዳ ሌላ ግጥም ይጨመርለታል። የመሥሪያ ቤትን ምሥጢር ግን ለግጥም አትስጡ፤ ወርቁን የሚያወጣ ጆሮ በየጠረጴዛው አለና።

ከተቻለም ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። በአንዳንድ ቤት ባል ለብቻው ያመሸና ሲመለስ ሁለቱም ዝም ብለው ይተኛሉ። አብረው የሰሙት ግጥም ግን እስከ ማግሥቱ ቁርስ ድረስ ያነጋግራል፤ አንዱ ያልገባውን ወርቅ ሌላው ያወጣለታል። ከመኝታ ሰዓት ሳያልፉ መመለስም ለልጆች ምሳሌ ነው።

ቋንቋን የምንማረው ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር ለመኖርም ጭምር ነው። ስለዚህ የሰፈር ቤት የሚያድሱ ሰዎች ግድግዳውን ሲያስውቡ አዝማሪው ከእንግዳው ፊት ለፊት የሚቆምበትን ስፍራ ባያጠብቡ መልካም ነው። በዚያች ጥቂት ክንድ ስፍራ ላይ በቢሮ ያልተቋጨ ብዙ ጉዳይ ይቋጫል። እናንተም ከባልደረባችሁ የተቀያየማችሁ እንደ ሆነ፣ የትኛውን «ማር» እንደምትሹ አስቀድማችሁ ዕወቁ።