የጓሯችንን በር እንክፈት፤ ደብተሩንም አብረን

ለአንድ የጋራ ጉዳይ ገንዘብ ማሰባሰብ ሲያስፈልግ የለመድናቸው መንገዶች አሉን። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን መጠየቅ አንዱ ነው። ቴሌግራም ላይ የሒሳብ ቁጥር ለጥፎ «ሼር አድርጉልን» ማለት ደግሞ የእኛ ዘመን ጃንጥላ ነው። ሁለቱም ስንቱን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፣ ስንቱን በሽተኛ አሳክመዋል፤ ክፉ አይወጣኝም። ግን እውነቱን እናውራ፦ ሰዉ ደክሞታል። በቀን አምስት የሒሳብ ቁጥር የሚደርሰው ሰው ስድስተኛውን ሳያነብ ያልፈዋል። እስቲ ዛሬ ስለ ሌላ መንገድ ላጫውታችሁ፤ ስለ ጓሮ።

ነገሩ ቀላል ነው። አትክልት መትከል የሚወዱ የአንድ ሰፈር ሰዎች ክበብ ያቋቁማሉ። በተወሰኑ እሁዶች አባላቱ በየተራ የግቢያቸውን በር ይከፍታሉ። ጎረቤቱ፣ ተማሪው፣ እንግዳው ትንሽ ብር ከፍሎ ይገባል። ያያል፣ ይጠይቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሲወጣ ችግኝ ወይም ዘር ገዝቶ ይሄዳል። ገንዘቡ ግን የባለግቢው አይደለም። አስቀድሞ ለተነገረ አንድ የጋራ ጉዳይ ይውላል።

ይህን በትልቁ የሠሩት እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ የሚያስታምሙ ነርሶችን ለመደገፍ 609 የግል አትክልት ቦታዎች ለጎብኚ ተከፈቱ። መግቢያው በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ8,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለነበር ሒሳቡን ምቱት፤ ወደ 160,000 የሚጠጋ የመግቢያ ክፍያ ማለት ነው። አንድ ባለጠጋ በአንድ ቼክ ሊጽፈው የሚችለውን ገንዘብ ብዙ ሺህ ሰው ሽልንግ በሽልንግ ሞላው። ሥራው እስከ ዛሬ አልቆመም፤ አሁንም በየዓመቱ ብዙ ግቢዎች ይከፈታሉ፣ ገንዘቡም አሁንም በዋናነት ለነርሶችና ለጤና ይውላል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ግቢ ከፍቶ ገንዘብ ማሰባሰብን እኛም በቅርቡ አይተነዋል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት «ገበታ ለሸገር» ሲዘጋጅ የአንድ ሰው የእራት ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ዓላማውም የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች ማልማት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ 2012 ዓ.ም.፣ ያው ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተና ሰዉ በ200 ብር ቲኬት ገብቶ የነገሥታቱን ግቢ አየ። ለዘመናት ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያልፈው ግቢ ሲከፈት ሰው ከፍሎ ለመግባት እንደሚፈልግ ያኔ ታየ። የእኔ ጥያቄ ቤተ መንግሥት ስለሌለው ሰፈር ነው። የአምስት ሚሊዮን ብር እራት የሚበላ ሰው በሌለበት ቦታስ ይህ ነገር ይሠራል ወይ?

ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማዋ ኑሮ ከውጭ እንግዳ ጋር ታስሮ ቆይቷል። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ጫማ ጠባቂው፣ የእጅ ሥራ ሻጩ ሁሉም የሚጠብቁት ከአውሮፕላን የሚወርደውን ሰው ነው። በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ከዚያም በኋላ ክልሉ እፎይ አላለም። ኢኮኖሚክስ ስንማር ገቢን ሁሉ ከአንድ ምንጭ ማድረግ አደጋ ነው ብለው አስተምረውናል፤ የላሊበላ ወጣት ይህን ያለ መምህር ተምሮታል።

ከከተማዋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የነአኩቶ ለአብ ገዳም አለ። በዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ በሆነው በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ይጠራል። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል። ጸበሉ የሚገኘው እንዲህ ነው። ማንም መጥቶ በአንድ ጊዜ በባልዲ አልሞላውም፤ ገንዳው ግን ባዶ አይደለም። ስለ ጓሮ ክበብ ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

በላስታ መንደሮች ጓሮ ሲባል የቅንጦት ሣር እንዳይመስላችሁ። ጤና አዳም አለ፣ ቡና ላይ ጣል የሚደረገው። በሶብላ አለ፣ ለበርበሬው። ምች የመታው ሰው የሚታሽለት ዳማከሴ አለ። ለጠላው ጌሾ፣ ለድስቱ ጎመንና ቃሪያ። ይህን ሁሉ ውኃ ከሩቅ ቀድተው፣ የእቃ እጣቢ እየደፉ ያቆዩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ዳማከሴን ከሌላ ቅጠል መለየት ያቅተንና ስልክ አውጥተን እንፈልጋለን። እሜቴ በራፋቸው ላይ ቆመው «ይቺ ለዚህ፣ ያቺ ለዚያ» ብለው ሲያስረዱ ለመስማት 50 ብር ብዙ ነው?

ለምሳሌ ያህል እናስላ። 20 ግቢ፣ ለእያንዳንዱ በአንድ እሁድ 30 ጎብኚ፣ መግቢያው 50 ብር ቢሆን 30,000 ብር ይገኛል። የገበታ ለሸገርን አንድ ወንበር ለመሙላት ከ160 በላይ እንዲህ ያሉ እሁዶች ያስፈልጋሉ፤ ራሳችንን አናታልል። ግን 30,000 ብር ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ፣ ለአንድ የችግኝ ጣቢያ ዘርና ማጠጫ ትርጉም አለው። ደግሞም የማንንም ቪዛና የማንንም የጉዞ ማስጠንቀቂያ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ጎብኚ ጎረቤት ነው። የውጭ እንግዳው ሲመለስ ደግሞ የሚያየው አንድ ነገር ተጨመረለት። እዚያው አካባቢ መቄት ላይ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዳን በእግር ከመንደር መንደር እየወሰደ፣ ገበሬው ባስተዳደረው ማረፊያ እያሳደረ፣ ገቢው መንደሩ ውስጥ እንዲቀር አድርጓል። ሰው የገበሬውን ኑሮ ለማየት እንደሚከፍል በሰሜን ወሎ አዲስ ግኝት አይደለም።

ተቃውሞው ይገባኛል። «ጎረቤቴን ጓሮዬን ላሳይ ብዬ ላስከፍል? ነውር ነው!» የምትል እናት ትኖራለች፤ ትክክል ናት። ስለዚህ ብሩን እሷ አትቀበልም። ቡናው የእሷ ግብዣ ነው፤ ክፍያው በር ላይ የክበቡ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ልክ እንደ እድር መዋጮ። «ዓይን ይበላብኛል» የምትልም አለች፤ እሷን ማስገደድ አያስፈልግም፣ ሌሎቹ ሲከፍቱ አይታ ትወስናለች። ውኃስ? ለጎብኚ ሲባል ተጨማሪ እንስራ የምትሸከም ሴት ካለች ክበቡ ከስሯል። ስለዚህ ጉብኝቱ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ምድሩ ራሱ በሚያምርበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሁን። ገንዘቡ ለምን ይዋል የሚለውም ሲወሰን ጓሮውን ያቆዩት ሴቶች ድምፅ ይቅደም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን እምነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ለችግኝ ተብሎ በነፍስ ወከፍ 20 ብር አዋጣን። ተሰረቀ አልልም። ምን እንደተገዛ፣ የት እንደተተከለ የነገረን ግን የለም። በቀጣዩ ዓመት ያው ክበብ ሲመጣ ከእኛ ዶርም አንድም ሰው አልሰጠም። በትምህርት ቤት ቋንቋ ይህ «የመረጃ አለመመጣጠን» ይባላል፤ ሰብሳቢው ያውቃል፣ ሰጪው አያውቅም። ሰጪው ደግሞ ባላወቀ ቁጥር እጁን ይሰበስባል። ጓሮው የዚህን ግማሽ ይፈታል፤ ከፍለህ የገባህበትን በዓይንህ አየህ። ግማሹን የሚፈታው ደብተሩ ነው።

ለዚህም ሩቅ አንሂድ። አያቶቻችን እድር ሲመሠርቱ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ዳኛ ለይተው ሾመዋል፤ ሒሳቡ በስብሰባ ፊት ይነበባል። እኛ የምንጨምረው ስልክ ብቻ ነው። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ በክበቡ ስም ይሁን፣ በሊቀመንበሩ የግል ቁጥር አይሁን። እሁድ ማታ የገባው ብር፣ የወጣው ብርና የቀረው በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ግዢ ካለ ደረሰኙ አብሮ ይውጣ። ይህን የማይፈልግ ኮሚቴ ካለ እኔ በበኩሌ 50 ብሬን አልሰጥም፣ እናንተም አትስጡ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። እናታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን «ጓሮውን እስቲ አስጎብኙኝ» በሉ። የእያንዳንዱን ቅጠል ስምና ጥቅም ጠይቁ፤ ከፈቀዱ ቅረጹ። ከዚያ የሰፈራችሁን ልጆች ጠርታችሁ ሁለት ነገር ወስኑ፦ የመጀመሪያው በር የማን ነው? ደብተሩን የሚይዘውስ ማን ነው? ሁለተኛውን ሳትመልሱ የመጀመሪያውን አትክፈቱ።