ከእንጀራው ቀንሱ፣ ከወጡ አትቀንሱ

ውፍረት ለመቀነስ ብለን ምግብን በደፈናው ስንተው የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻን የሚጠብቀው ፕሮቲን ነው፤ በዚያ ላይ ረሃብን ያስታግሣል።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ለጤናማ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ነው፤ ክብደት ለሚቀንስ ግን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመከራል። 70 ኪሎ ለምትመዝን እኅት ቢያንስ 84 ግራም ማለት ነው።

ይህ የግድ ሥጋ ቤት አያስኬድም። በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማም ቢሆን ባቄላና አተር ከጓዳ አይጠፋም። ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20፣ 100 ግራም ያልተቀቀለ ምስር 24 ግራም ያህል ይሰጣሉ። ቀሪውን እንጀራው ይሞላዋል። ስለዚህ የምትቀንሱት ከእንጀራውና ከዘይቱ ይሁን።

እኅቴ ሆይ፣ እንቁላሉንና ሥጋውን ለባልሽና ለልጆችሽ አቅርበሽ አንቺ በመረቅ ብቻ ትበያለሽን? ጉልበትሽ የሚከዳሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ፣ አንተም ከጎንህ ያለውን ድርሻ ተመልከት፤ አጉርሳት።

የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።