ለዘማች ቤተሰብ ከመርዶ በፊት እንድረስ



ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ፣ የልጁን ድምፅ ሳይሰማ ወራት የቆጠረ የዘማች ቤተሰብ ብዙ ነው። እድራችን ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ በር በሩን እያየች ለምታድር እናት ግን ደንብ የለውም። «አይዞሽ፣ ይመጣል» ብሎ መሄድ ብቻውን አይበቃም።

ሰው ማጽናናት በሥልጠና የሚገኝ እውቀት ነው። ጄኔቭ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳ ጋር ማገናኘት። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ተናገሪ ብሎ ማስገደድና የማይሆን ተስፋ መስጠት ግን ክልክል ነው።

ስለዚህ የእድር ዳኞችም እናቶችም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረን ሥልጠናውን እዚሁ እንድናገኝ እናሳስባለን። ዘማቹ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ ነው የሄደው።