«አሁንም አናምንህም» ይላል ዘፈኑ! እኛስ?

ቡለን ተቀምጦ ስለ ራፕ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚለኝ ይኖራል። ይበል። ራፐሩ ፊውቸርና ሙዚቃ አቀናባሪው ሜትሮ ቡሚን መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. «አናምንህም» ብለው አልበም አወጡ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ደግሞ «አሁንም አናምንህም» አሉ። በዚህኛው የርዕስ ዘፈን ላይ ያዜመላቸው የእኛው ደም አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊኬንድ) ነው። ጠባቸው ከድሬክ ጋር ነው ተብሎ አገር ምድሩ ተንጫጫ። የጠገበ ሰው ጠብ!

እኔን የያዘኝ ርዕሱ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚሁ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ፣ ከ100 በላይ ሰው ታረደ፣ በጥይት ተቆላ፣ ቤቱ ነደደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ሕዝብ ባነጋገሩ ማግስት መሆኑ ነው እንግዲህ! ጥቃቱ ሲፈጸም በአካባቢው ፖሊስም ሆነ የጸጥታ ኃይል እንዳልነበረ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ራሱ ተናግሯል። ተቃዋሚ አይደለም ያለው፤ ኮሚሽኑ ነው።

አቤል በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ በግጭት ለተጎዱ ወገኖች 1 ሚሊዮን ዶላር በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ሰጥቷል። ቶሮንቶ የተወለደ ልጅ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለበት? አዲስ አበባ ያሉት ዘፋኞቻችን ግን የጉሙዝና የሺናሻ ጭፈራ ትዝ የሚላቸው ክሊፕ ሊያደምቁ ሲፈልጉ ነው። ስለ በኩጂ ከእነሱ አንድ ዘፈን አልሰማሁም።

ባለሥልጣኖቻችን «እመኑን» ማለት ይወዳሉ። በዚያ ዕለት ጥበቃው የት ሄዶ እንደነበር፣ ማን እንዳነሳው በስም ጠርተው እስኪነግሩን ድረስ እኔ የእነ ፊውቸርን ዘፈን ድምፁን ከፍ አድርጌ እሰማለሁ።