ልጅን ለመንጋ አሳልፎ መስጠት

የልጅን ገመና አደባባይ አውጥቶ ለመንጋ መስጠት ነውር ነው። በእምነት ስም ቢደረግም፣ በባህል ስም ቢደረግም ነውር ነው፤ አወግዘዋለሁ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። በወሩ 7ኛ ቀን በአማራ ክልል፣ በጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱ ከሆስፒታል ተሰማ። በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር መርዶው እንኳ ለዘመድ በቅጡ አልደረሰም። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዘመቻ ተጧጡፎ ነበር። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ይዋደዳሉ የተባሉ ሰዎች ፎቶና ስም ቲክቶክ ላይ እየተለጠፈ «ይገረፉ፣ ይገደሉ» ይባል ነበር። የከተማዋ የሰላምና ጸጥታ ቢሮም የሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ። ጎጃም ሐዘን ተቀምጦ ሳለ የሰው መኝታ ቤት ማሰስ ጀግንነት ተባለ!

ሕጉን አልሸሽግም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣል። (ባይኖር እመርጥ ነበር፤ ግን አለ።) ይሁንና ያው ሕግ ለአባት ጅራፍ፣ ለወንድም ሽጉጥ አላስታጠቀም። እንዲያውም ሴትን በኃይል ለጋብቻ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው በአንቀጽ 587 ጽፏል። የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ይምረው ነበር፤ ያ ምሕረት ቀርቷል። ፍቅሩ ኃጢአት ነው የሚል ካለ ጸሎቱን ያድርግ። እኔ የማወግዘው ዱላውን ነው።

ነገሩ የሚከፋው የሚዋደዱት ሁለት ሴቶች ከሁለት ወገን ሲሆኑ ነው። አንዷ የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ልጅ፣ ሌላዋ ዓባይን ተሻግሮ ከወለጋ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነች እንበል። የቡሬና የነቀምቴ መንገድ ስንት ነጋዴ፣ ስንት ሠርገኛ አመላልሷል። ምስጢሩ የወጣ ዕለት ግን የቡሬው ቤት «የእነሱ ልጅ ናት ያበላሸችብን» ይላል፤ የወለጋው ቤትም በኦሮምኛ ያንኑ ይላል። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የሁለት ልጆች መሆኑ ይቀርና የብሔር ይሆናል። ቡና ሲጠራሩ የኖሩ እናቶች ደጅ ለደጅ መተያየት ያቆማሉ። ሁለቱ ቤት የሚስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅን በመምታት።

የልጅቱ ስልክ ይነጠቃል፤ መልእክቷ አጎት ፊት ይነበባል፤ ትምህርቷ ይቋረጣል። ፀበል ትወሰዳለች። በፈቃዷ ብትሄድ ማን ይከለክላታል? እጇን ታስራ እየተጎተተች ነው እንጂ። ይህም ካልሆነ ሚስት የሞተችበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ይፈለግና «ድረናት እንገላገል» ይባላል። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ጠላ እየተቀዳላቸው የሚመክሩት ጠለፋ ነው፤ ተመርቆበትም ስሙ አይለወጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ሲል ማንንም ለይቶ አላስቀረም። በሠርጉ ሌሊት በዚያች ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ሁሉም ያውቃል፤ ማለዳ ግን እልልታው ይቀልጣል።

«እናስተካክላት» የሚሉት ነገር የት እንደሚያደርስ ደቡብ አፍሪካ አይታዋለች። ዩዲ ሲሜላኔ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን ኳስ የተጫወተች፣ ሴት እንደምትወድም ያልደበቀች ነበረች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በገዛ ሰፈሯ በክዋቴማ በቡድን ተደፍራ፣ በስለት ተወግታ ተገደለች። አገሪቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕግ ከፈቀደች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እዚያ ሕጉ እየጠበቃት ይህ ከሆነ፣ ሕጉም ጎረቤቱም በጠመዱባት አገር ያለችው ልጅ ምን እንደሚውጣት መገመት አይከብድም።

ስለዚህ የልጁን ስልክ በርብሮ ስሟን ለመንደር የበተነ ወላጅ የተወገዘ ነው። የሰው ፎቶ ለጥፎ «ግደሏት» ያለ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ተቀምጦ ያራገበ፣ የተወገዘ ነው። የሁለት ልጆችን ፍቅር አንሥቶ ወገንን ከወገን ያጋጨ የተወገዘ ነው። ልጅቱን ፀጉሯን ይዘው ሲጎትቷት እያየ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ በሩን የዘጋ ጎረቤትም ከዚህ ውግዘት አያመልጥም።

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ያላችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፤ ለእንዲህ ያለው ጋብቻ ስትጠሩ አትቀመጡ። ልጅቱ ታስራ ካገኛችኋት ፍቱና ወደምታምነው ዘመድ አድርሷት።