አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ታካሚ ሲያማርር ጤና ተቋማችን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅሬታው ከሐሳብ መስጫው ሳጥን ይወጣል፤ ወይ ደግሞ ከወረዳ በስልክ ይመጣል። ስብሰባ ይጠራል። «የአገልጋይነት መንፈስ ጠፍቷል» ይባላል። አንዲት ነርስ ወይም አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ቆየት ብሎ የሁለት ቀን የሥነ ምግባር ሥልጠና ይዘጋጃል፤ አበል ይከፈላል፤ ፎቶ ይነሳል። ብዙም ሳይቆይ ያው ቅሬታ ከዚያው መስኮት ተመልሶ ይመጣል።

የክሊኒክ ኦፕሬሽን ማናጀር ሆኜ ስሠራ ይህን ዑደት ከውስጥ አይቼዋለሁ። አቋሜን አልሸሽግም፦ የታካሚው ምሬት አብዛኛው የሚመነጨው ከሥራው አደረጃጀት ነው። እኛ ግን አደረጃጀቱን መንካት ስለሚከብደን ባለሙያውን እንነካለን። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው።

ጥፋቱን በጠባይ ላይ የሚጥለው አስተሳሰብ ከመልካም ሐሳብ የተነሳ መሆኑን አልክድም። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተሠራበት የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ካስቀመጣቸው አራት ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ባለሙያው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሲአርሲ» ይለዋል። ምጥ የያዛት እናት እየተሰደበች መውለድ የለባትም፤ ሽማግሌም «ዞር በሉ» እየተባሉ መታከም የለባቸውም። በዚህ ማንም አይከራከርም። ክፋቱ አጀንዳው ወደ ታች ሲወርድ የሆነው ነው። ለማድረግ የቀለለው፣ ማለትም ሥልጠናው፣ ባነሩና ቃለ መሐላው፣ ተያዘ፤ ርኅራኄ በቀን ተቀን ሥራ ውስጥ እንዲቻል የሚያደርገው ነገር ግን ባለቤት አጣ።

ወረፋን እንይ። በብዙ ተቋማት የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ቀን ተቆርጦላቸው ሁሉም «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብለው ይቀጠራሉ። አንድ ቀን 120 ሰው ተቀጠረ እንበል። አራት የምርመራ ክፍል አለ፤ አንድ ሰው 10 ደቂቃ ይወስዳል። በሰዓት የሚታዩት 24 ሰዎች ናቸው። የመጨረሻው ታካሚ የሚገባው ወደ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም ሐኪሞቹ ለምሳ ካልወጡ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ደግሞ የደም ስኳር ሊለኩ «ሳይበሉ ይምጡ» የተባሉ ናቸው። መድኃኒቱን ወስዶ እህል ያልቀመሰ የስኳር ታካሚ ስኳሩ ወርዶ ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ሊታከም መጥቶ በወረፋ የሚታመም ሰው አለ ማለት ነው።

ይህን ወረፋ የትኛው ሥልጠና ያሳጥረዋል? ከ5 ሰዓት በኋላ ነርሷ ስትነጫነጭ፣ ታካሚው ሲጮህ፣ ሐኪሙ የበሽተኛውን ፊት ሳያይ ማዘዣ ሲጽፍ፣ ሦስቱም ሰዎች የአንድ የተሳሳተ ቀጠሮ ውጤቶች ናቸው። መፍትሔው ቀጠሮ ደብተሩ ላይ ያልቃል፦ 24ቱን ለ2 ሰዓት፣ 24ቱን ለ3 ሰዓት፣ እያሉ መቅጠር፤ ሳይበሉ የሚመጡትን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማስገባት፤ የስኳር ልኬቱን ካርድ እንደወጣ ማሠራት። ተጨማሪ ሐኪም አያስፈልገውም፤ ተጨማሪ በጀትም እንደዚያው። የሚያስፈልገው ቀጠሮውን በየቀኑ የሚከታተል ሰው ነው። ሕዝቡ በሰዓት መቀጠርን መጀመሪያ አያምነውም። ቀድሞ መምጣት ቀድሞ መታየት እንደሆነ ለዓመታት አስተምረነዋልና ሁሉም በጠዋት ይመጣል። «4 ሰዓት» የተባለው ሰው በ4 ሰዓት መግባቱን ለሳምንታት በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ባነር አይሠራውም።

አሁን ወደ መድኃኒት መስኮት እንሂድ። አንድ ቀን የጤና መድን ደብተራቸውን የያዙ አባት ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ታዞላቸው መስኮቱ ላይ ቆሙ። «አባባ፣ የለም፤ ውጭ ይግዙ» ተባሉ። እሳቸውም «መዋጮዬን በየዓመቱ ከፍያለሁ፤ ለምን ብዬ ነው የምገዛው?» ብለው ጮኹ። ፋርማሲስቷም በዚያ ጠዋት ይህንን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማች እግዜር ይወቅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰች። ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ሜትፎርሚኑ ግን ያኔም አልነበረም፤ ከደብዳቤው በኋላም አልመጣም።

ነገሩን ወደ ኋላ ብንከተለው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ተቋሙ በየሁለት ወሩ የቀረውን ክምችት አስታውቆ የሚፈልገውን ይጠይቃል። መጋዘኑ ከአራት ወር ፍጆታ በላይ እንዳይይዝ፣ ከሁለት ወር በታች እንዳይወርድ፣ የሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሲቀረው ደግሞ የአስቸኳይ ጥያቄ እንዲልክ ተደንግጓል። ወረቀቱ ላይ የተሟላ ሥርዓት ነው። በዚያ ተቋም ግን የመጋዘን ሠራተኛው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ተወካይ አልተመደበለትም። የክምችት መመዝገቢያው ቢን ካርድ ላይ የወጣው አልተቀነሰም፤ ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት መድኃኒቱ «አለ»። የሁለት ወሩ ሪፖርትም ዘግይቶ ሄደ፤ በተሳሳተ ቁጥር። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ፈቃድ መስጠት፣ ውክልና መጻፍ፣ ቢን ካርድ ማመሳከር፣ ሪፖርት በቀኑ መላክ የሚባሉትን አራት ተራ ሥራዎች አያይዞ የሚከታተል ኃላፊ ነበር የጠፋው። የተቀጣችው መስኮቱ ላይ የተገኘችው ናት፤ ስህተቱን ያልሠራችው ሰው ማለት ነው።

«ባለጌ ባለሙያ የለም ልትል ነው?» ለሚለኝ፣ አለ። ታካሚ የሚያዋርድ፣ ጉቦ የሚጠይቅ፣ ተረኛ ሆኖ የሚጠፋ ሰው አለ፤ ሊጠየቅም፣ ሊባረርም ይገባዋል። ነገር ግን ባለጌውን ከደከመው ለመለየት መጀመሪያ ሥራው የሚሠራ መሆን አለበት። ካርድ በሚጠፋበት፣ ሪኤጀንት በሚያልቅበት፣ አንዲት ነርስ የሦስት ሰው ሥራ በምትሸፍንበት ቤት ሁሉም ሰው ይነጫነጫል፤ ባለጌውም ከደጉ መካከል በቀላሉ ይደበቃል። የተስተካከለ አሠራር ባለበት ግን ሰበብ የለም፤ ያኔ ያጠፋው ሰው ለብቻው ጎልቶ ይታያል። አደረጃጀት ይቅደም ስል ተጠያቂነት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ተጠያቂነት ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህ መንገድ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሌላው የምሰማው መልስ «ቢፒአሩንም ካይዘኑንም አይተነዋል፤ ምን ለወጠ?» የሚል ነው። እውነት አለው። ሁለቱም የአሠራር ማሻሻያዎች በዘመቻ መጡ፤ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ተለጠፈ፤ ዘመቻው ሲያልፍ ሰንጠረዡም አቧራ ለበሰ። ከዚህ የምንማረው ግን አሠራርን ማስተካከል ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። አሠራር የሚስተካከለው በየዕለቱ ነው፤ የዕለት ባለቤትም ይፈልጋል። ዘመቻ እንዲህ ያለ ባለቤት ሊሆን አይችልም።

ትንሽ የሚመስል አሠራር ሕይወት እንደሚያድን ማስረጃው ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዶ ጥገና ያዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ የማረጋገጫ ዝርዝር ታንዛኒያ ያለችውን ኢፋካራን ጨምሮ በስምንት የዓለም ከተሞች ሲሞከር፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት፣ የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ከባድ የሕክምና ጉዳትም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ጥያቄዎቹ ታካሚው ትክክለኛው ሰው ነው ወይ፣ የሚቀደደው ቦታ የትኛው ነው፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ተሰጥቷል ወይ የሚሉ ናቸው። ሐኪሞቹ በሙያም በርኅራኄም ያው ሰዎች ነበሩ፤ የተለወጠው ሥራው የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው።

በአገራችንም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያሳየን ነገር አለ። የመድኃኒት ግዢው፣ ሽያጩና ክምችቱ ከመግቢያው እስከ ታካሚው እጅ ኦዲት በሚደረግ መንገድ እንዲመዘገብ የሚያደርገው ሥርዓት መጀመሪያ የተሞከረው እዚያ ነው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተስፋፍቷል። የፋርማሲ ሠራተኛውን ስለ ታማኝነት ከመስበክ ይልቅ የእያንዳንዱ መድኃኒት መንገድ በግልጽ እንዲታይ አደረጉ። ሐቀኛው ሠራተኛ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ፤ ለሌባውም መሸሸጊያው ጠበበ።

ይህን የምናውቅ ሰዎች ሆነን ሳለ ለምን አንሠራበትም? ምክንያቱ በእኔ እምነት ለማስተዳደር ሥራ ያለን ንቀት ነው። ተቋም የሚመራው «ጎበዝ ሐኪም» መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ስለዚህ ምርጡን ሐኪም ወይም ምርጧን ነርስ ከበሽተኛው አጠገብ አንሥተን ቢሮ እናስገባለን፤ የማስተዳደር ትምህርት ሳንሰጥ። ሕዝቡ ጥሩ ሐኪም ያጣል፤ ተቋሙም ጥሩ አስተዳዳሪ አያገኝም። በሆስፒታል ደረጃ ይህን ለማረም ተሞክሯል፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ሆስፒታሎችም ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚባል መደብ ተከፈተላቸው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚታከመው ግን ጤና ጣቢያና ክሊኒክ ነው፤ እኔ የማውቃቸው ደግሞ ዛሬም ከዚህ የራቁ ናቸው።

የግል ክሊኒኩም ከዚህ አይሻልም። ባለቤቱ ኦፕሬሽን ማናጀር ይቀጥራል፤ ከዚያ ማናጀሩ የጄኔሬተር ናፍጣ ያፈላልጋል፣ የኪራይ ውል ያሳድሳል፣ ማታ ማታ ደግሞ «ዛሬ ስንት ገባ?» ተብሎ ይጠየቃል። ታካሚው ከካርድ እስከ መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ስንቱ ሳይታይ እንደተመለሰ፣ ስንት የላብራቶሪ ውጤት ሳይደርስ እንደቀረ የሚጠይቀው የለም። የቀን ገቢ ብቻ በሚለካበት ቤት ማናጀሩ የሚያሳድደው ገቢውን ብቻ ነው፤ ሳያስፈልግ የሚታዘዝ ምርመራም በዚያው በር ይገባል። ይህን ሥራ የመረጥኩት ታካሚ ሳያጉላሉ ማከም በእኛ አቅም እንደሚቻል ስለማምን ነው፤ ገቢ ሲሰበስብ ብቻ የሚመሰገን ማናጀር ግን ይህን እምነት ቶሎ ይጥለዋል።

ስለዚህ ለክሊኒክ ባለቤቶች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ለጤና ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ተቋም የሥራውን ፍሰት በየቀኑ የሚከታተል፣ ለዚህ የተማረ፣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ይኑረው። ይህ ሰው ሐኪም ቢሆን እሰየው፤ ባይሆንም ችግር የለውም። ግምገማው ስለ ጠባይ የሚወራበት መድረክ መሆኑ ቀርቶ የቆይታ ሰዓት፣ የመድኃኒት መኖር፣ የጠፋ ካርድና ሳይታከም የተመለሰ ሰው ቁጥር የሚቀርብበት ይሁን። ለሥልጠና ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ እነዚህን ቁጥሮች ለማስተካከል ይዋል።

በተለይ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቅሬታ ሲመጣ ማንም ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በዚያ ሰዓት ስንት ሰው ወረፋ ላይ ነበር? ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በእጅ ነበር? ለዚህ ሥራ በስሙ የሚጠየቀው ኃላፊ ማን ነው? ሦስቱም መልስ ካላቸውና ጥፋቱ አሁንም የባለሙያው ከሆነ ይፈርም። መልስ ከሌላቸው ግን ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ለራሱ ለኃላፊው ነው።